መልስ፦ የሞዴል ባቡሬ ጭስ ዘይት ከሞላሁበት በኋላ ለምን ጠፋ?

የጭስ ማመንጫዋ፣ ማለትም ባቡሩ ውስጥ ዘይት አሙቃ ጭስ የምታወጣው ትንሽ ዕቃ፣ ዘይት በዝቶባት ነው። እስከ አፉ ሞላሁት ብለሃል፤ ማሞቂያ ሽቦዋ ከተዋጠች ያን ሁሉ ዘይት ማሞቅ ያቅታትና አታጨስም። ተቃጥላለች ብለህ ለመጣል አትቸኩል።

ትርፉን በስሪንጅ ሳበው፣ የቀረውን ሎኮሞቲቩን ሶፍት ላይ ደፍተህ አንጠባጥበው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ብቻ፤ ልኩ መመሪያው ላይ አለ። ጠብታው ጭስ ማውጫው አፍ ላይ አረፋ ሠርቶ አልወርድ ካለ ቀስ ብለህ እፍ በልበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጭሱ ሲሳሳ ቶሎ አጥፋት፤ እኔ ያየኋቸው የተበላሹት ሁሉ ደርቀው እየጋሉ ነው የተቃጠሉት። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢከብድም መስኮቱን ገርበብ አድርገው። የጭስ ዘይቱ ካለቀብህ ደግሞ እስኪመጣልህ ጠብቅ እንጂ የምግብ ዘይትም ሆነ ነጭ ጋዝ እንዳትሞክር፤ አንዱ ውስጧ ይጋገራል፣ ሌላው እሳት ያስነሳል።