አበባ ስታዩ አገሩን ጠይቁ

ልጆች፣ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት አለ። የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከብርሃን ይጠበቃል፣ በደም ሥር ብቻ ይሰጣል። በአከርካሪ በኩል ከተሰጠ ይገድላል። በፋርማሲስትነት በሠራሁበት ዘመን ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ብልቃጡን እያሳየሁ "ይሄ ከየት መጣ?" እላቸው ነበር። አብዛኞቹ መለያው ላይ ያነበቡትን የፋብሪካ አገር ይነግሩኛል።

የመጣው ከአበባ ነው። ከማዳጋስካር አበባ።

አበባዋን ደግሞ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ሳይንሳዊ ስሟ ካታራንተስ ሮዚየስ ነው። ሞቃት በሆኑ ከተሞቻችን በየግቢውና በየሆቴሉ አጥር ሥር ትተከላለች። ቁመቷ ከጉልበት አይዘልም። አምስት ቅጠል ያላት ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ነች፣ ብዙ ጊዜ መሀሏ ላይ ደመቅ ያለ ቀይ ነጥብ አለባት። ቅጠሏ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ሆኖ መሀሉን ነጣ ያለ መስመር ይከፍለዋል፤ ስትቀነጥሱት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ሰው ለውበቷ ይተክላታል፣ ውሃ ያጠጣታል፣ አለቀ። እኔ ግን ይሄ "አለቀ" የሚለው ነገር ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው።

ታሪኩን ላሳጥርላችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተክሏ ከማዳጋስካር ወጥታ ሞቃት አገሮችን ሁሉ አዳርሳለች። ጃማይካ ውስጥ ሰዎች ቅጠሏን ለስኳር በሽታ እያፈሉ ይጠጡ ነበር። በ1952 አንድ የካናዳ ሐኪም ከዚያ ጥቂት ቅጠል በፖስታ ደረሰው፤ እሱም ተመራማሪ ለነበረው ወንድሙ ለሮበርት ኖብል አሳለፈለት። ኖብል ሞከረው። ስኳር የሚባለውን ነገር ንክችም አላደረገው። ጭማቂው በመርፌ የተሰጣቸው አይጦች ግን በኢንፌክሽን ይሞቱ ጀመር፣ ሲታዩ ነጭ የደም ሴላቸው ክፉኛ ወርዷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "አልሠራም" ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር። ኖብልና ቻርልስ ቢር የተባለው ኬሚስት ግን አልዘጉም። ነጭ የደም ሴል የሚቀንስ ነገር፣ ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ በሚባዛበት በሽታ ላይ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። በ1958 ቪንብላስቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከተክሏ ለይተው ማውጣታቸውን ይፋ አደረጉ። አሜሪካ ውስጥ ኢላይ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎችም በራሳቸው መንገድ በዚችው ተክል ላይ ይሠሩ ስለነበር፣ ቪንክሪስቲን ከእነሱ ዘንድ ወጣ፣ በ1963 ፈቃድ አገኘ። ከብዙ መቶ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው።

አደራ፣ ይህን ያነበበ ሰው ቅጠሏን ቀንጥሶ እንዳያፈላ። መርዛማ ናት። ሆስፒታል ውስጥ በሚሊግራም እየለካን የምንሰጠውን ነገር ማንም በማንኪያ እየገመተ ሊጠጣው አይገባም። "ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም" የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ማዳጋስካር እንዲህ ያሉ ልዩ ዕፅዋት ለምን ኖሯት? ደሴቲቱ ከአፍሪካ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከህንድ ደግሞ ወደ 88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተገንጥላ ብቻዋን ቀርታለች። እዚያ ያለው ሁሉ በራሱ መንገድ ሄደ። ከ11,000 በላይ የዕፅዋት ዝርያ አላት፣ ከአምስቱ አራቱ ሌላ የትም አይገኝም። ብዙዎቻችን የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ሲያብብ መንገዱን በቀይ የሚሸፍነው ዛፍም የትውልድ አገሩ እዚያ ነው።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚወስደው አንድ ኦርኪድ ነው። አንግሬከም ሴስኪፔዳሌ ይባላል። በምሥራቅ ማዳጋስካር ጫካ በዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። አበባው ነጭ ኮከብ የሚመስል ሲሆን መዓዛው የሚመጣው ሲመሽ ነው። ከኋላው እንደ ተማሪ ማስመሪያ የረዘመ፣ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ማሩ ያለው ከታች ጫፉ ላይ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዳርዊን በ1862 አበባው ሲላክለት፣ ይህን ማር የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት አለ። ያላመኑትም ነበሩ። ዋላስ የተባለው ሌላው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1867 ሐሳቡን ደግፎ፣ ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱ ተመራማሪዎች ይፈልጉት አለ። የእሳት እራቱ ስም ወጥቶለት የተመዘገበው በ1903 ነው፣ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። አንድ ሰው አበባ በእጁ ይዞ "ይሄን የሚጎበኘው ማነው?" ብሎ በመጠየቁ ብቻ ያልታየ ፍጥረት መኖሩን አወቀ። ወጣት ብሆን ይሄን ጥያቄ ብቻ ይዤ ዕድሜዬን ብጨርስ ደስ ይለኛል።

የሚያሳስበኝን ደግሞ ልንገራችሁ። የማዳጋስካር ጫካ ለእርሻ እየተቃጠለ፣ ለከሰል እየተቆረጠ ነው። ከጫካው ጋር ኦርኪዱ ይሄዳል፣ ከኦርኪዱ ጋር የእሳት እራቱ ይሄዳል። ከካታራንተስ ዘመዶችም አብዛኞቹ የሚገኙት እዚያው ደሴት ላይ ብቻ ነው። ማዳጋስካር ከመድኃኒቱ ገቢ ይህ ነው የሚባል ነገር አለማግኘቷም ያበሳጨኛል። ያኔ አገሮች በዕፅዋታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያስከብር ስምምነት አልነበረም፤ የመጣው በ1992 ነው። እኛም በጤፍ ነገር ይህን ቀምሰነዋል። አሁን በዕፅዋታችንና በማኅበረሰብ እውቀት አጠቃቀም ላይ የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው)። ሕግ መማር የምትፈልጉ፣ አንብቡት፣ ለእናንተም ሥራ አለበት።

የኛስ? ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚሆን የዕፅዋት ዝርያ አላት፣ አሥር በመቶ ገደማው የኛ ብቻ ነው። እነዚህን በስምንት ጥራዝ መዝግቦ ለመጨረስ ከ1980 እስከ 2009 ፈጅቷል። ያን የሠሩት ሰዎች አርጅተዋል፣ ተተኪ ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሁሉም ፎቶ ያነሳል፤ እኔ የምለው፣ አደይ ሥር ያለችውንም ትንሿን እዩ።

መጀመር ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ተክሉን ከአበባው፣ ከቅጠሉ፣ ካለም ከፍሬው ጋር ጋዜጣ መሀል አስገቡና ከባድ ነገር ጫኑበት። እንዳይሻግት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን (ስልካችሁ ይነግራችኋል)፣ የአካባቢውን ስም ጻፉ። ሰው ለምን እንደሚጠቀምበት ከነገራችሁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ከነስሙ መዝግቡ፤ እውቀቱ የእሱ ነው። የአበባውን ቀለም በዚያው ቀን ጻፉ፣ ሲደርቅ ይለቃል። ያላወቃችሁትን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቦታ) ወስዳችሁ አሳዩ። ቦታው ላይ ያገኛችሁት አንድ ተክል ብቻ ከሆነ ግን እንዳትነቅሉት፣ ፎቶ ይበቃል።