ሽጉጥ ይዤ ሸናንዶዋ ልምጣ ወይ ላለው ወንድማችን

ሰላም ቤተሰብ። ወንድማችን ትናንት ማታ የጻፈውን ገና አሁን አየሁት። ላመለጣችሁ ባጭሩ ልድገመው። ሽጉጥ ከልብስ ሥር ይዞ ለመንቀሳቀስ የሚያስችለውን የቨርጂኒያ ፈቃድ በቅርቡ አውጥቷል። «ቅዳሜ ሸናንዶዋ ስንሄድ ይዤው ልምጣ? ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይፈቀዳል? ድብ አለ ይባላል፤ ባለቤቴም አብራኝ ትመጣለች» ነው ጥያቄው። ከሥሩ አንዱ «የፌደራል መሬት ስለሆነ ክልክል ነው» አለው። ሌላው ደግሞ «ሕገ መንግሥታዊ መብትህ ነው፤ የትም ይዘህ ግባ» አለው። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ምክር ግን ሰው ያሳስራል።

እኔ ፈቃዱን ካወጣሁ ሰባተኛ ዓመቴ ነው፤ አንዴ አድሼዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ተራራ በወጣሁ ቁጥር ሽጉጤ ወገቤ ላይ ነበር። አሁን ቤት ነው የምተወው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ሕጉ። ድሮ በእርግጥ አይፈቀድም ነበር። በሬገን ዘመን፣ በ1983 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ የወጣው ደንብ መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ ታሽጎ እንዲቀመጥ ያዝ ነበር። የቡሽ መንግሥት ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዲሴምበር 2008 ላይ፣ ይህን ለወጠው። ስቴቱ ከፈቀደልህ ፓርኩም ይፈቅድልሃል አለ። የፓርክ ተቆርቋሪ ማኅበራት፣ ጡረታ የወጡ የፓርክ ሠራተኞችና የጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚጠይቀው ብሬዲ ካምፔይን ፍርድ ቤት ሄዱ። ማርች 2009 ዋሽንግተን ያሉት ዳኛ ኮሊን ኮላር-ኮቴሊ «በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት አልተጠናም» ብለው አገዱት።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከዚያ የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ምክር ቤቱ ያኔ ስለ ክሬዲት ካርድ ወለድና ቅጣት ሕግ እያወጣ ነበር። የሽጉጡን አንቀጽ እዚያ መሀል ሰኩት! ሴኔቱ 67 ለ29 አሳለፈው። ኦባማ የካርድ ሕጉን ይፈልጉት ስለነበር ሜይ 22 ቀን 2009 ከነሽጉጡ ፈረሙበት። ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬም የምንተዳደረው በዚሁ ነው። ክሬዲት ካርድህን ስትከፍል አስበኝ።

ፍሬ ነገሩ ይኸ ነው። መሣሪያ በመያዝ ጉዳይ ፓርኩን የሚገዛው መሬቱ ያለበት ስቴት ሕግ ነው። ሸናንዶዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ አዎ፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ይዘህ መግባት ትችላለህ። በበሩ ላይ ያለችው ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) የመግቢያህን ታስከፍልሃለች እንጂ ወገብህን አትፈትሽም።

ግን ሕንፃ ውስጥ አይገባም። የጎብኚዎች ማዕከል፣ የሬንጀሮች ቢሮ፣ መንግሥት ሠራተኞቹን የሚያሠራበት ቤት ሁሉ ሌላ የፌደራል ሕግ አለው። በሩ ላይ ምልክት ይለጠፋል። አልፈህ ከገባህ እስከ አንድ ዓመት እስራት አለው። መያዝና መተኮስም ለየቅል ናቸው። መያዝ ተፈቀደ እንጂ ፓርክ ውስጥ መተኮስ እንደተከለከለ ነው።

ይህን ሁሉ ፈቃድ ሳወጣ ተምሬዋለሁ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እዚያው ሸናንዶዋ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ቦታ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ።

ነሐሴ ነበር፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። እኔ ሽጉጡ እንዳይታይ ሸሚዝ በካናቴራ ላይ ደርቤያለሁ። የቦርሳዬ የወገብ ቀበቶ ሽጉጡን አጥንቴ ላይ ያጣብቀዋል። ልጄ ለልጆች የሚሰጠውን የጁኒየር ሬንጀር ባጅ ካልወሰድኩ ብሎ እጄን እየጎተተ የጎብኚዎች ማዕከሉ በር ላይ አደረሰኝ። ምልክቱ አለ። «አንተ ከእናትህ ጋር ግባ» ብዬ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አጎንብሼ፣ ሸሚዜን ገልቤ ሽጉጡን ከነማኅደሩ ከቀበቶዬ ላይ ማላቀቅ ጀመርኩ። በላብ ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ቀና ስል ከጎኔ ባቆመችው ሴትዮ ዓይን ላይ ወደቅሁ። ልጇን ወንበሩ ላይ እያሰረች ነበር። ምንም አላለችም። ቀስ ብላ ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። «ቸክ» ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሴትዮዋ ስልክ ብትደውል ኖሮ ለሬንጀሩ የሚደርሰው «ጥቁር ሰውዬ፣ መኪና ውስጥ፣ ሽጉጥ ይዟል» የሚል ነው። ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ መሆኑን ማን ይነግርልኛል? ከዚያስ ሽጉጡ የት ይቀመጥ? መኪናህ ውስጥ የሚቆለፍ ሳጥን ከሌለህ ለመኪና ሌባ ሰርግና ምላሽ ነው። የተራራ መነሻ ፓርኪንግ ደግሞ ባለቤቶቹ ለሰዓታት እንደማይመለሱ ማንም ያውቃል። እኔ ሳጥን ስላልነበረኝ ቤተሰቤ ውስጥ ሆኖ እየተዝናና እዚያው ስጠብቅ ቆየሁ።

የኦልድ ራግን ተራራ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ካላወቅከው ታየዋለህ። በድንጋይ መሀል በእጅና በጉልበት፣ አንዳንዴም በሆድህ እየተሳብክ ነው የምትወጣው። የጎረሰ ሽጉጥ ወገብህ ላይ አድርገህ እዚያ ስትጣበቅ ተራራውን ሳይሆን ሽጉጡን ነው የምታስበው። ተንሸራቶ ይሆን? ከኋላዬ ያለው ሰው አየው ይሆን? አናቱ ላይ ስደርስ ሁሉም ፎቶ ሲነሳ እኔ ወገቤን እየዳበስኩ ነበር።

ትልቁ ጣጣ ግን የስቴት ድንበር ነው። እኛ የምንኖርበት አካባቢ ሦስት አራት ሕግ የተጠላለፈበት ነው። ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። ዲሲም አትቀበልም። ግሬት ፎልስን አስብ። ወንዙ አንድ፣ ፏፏቴው አንድ፣ በሁለቱም በኩል ያለው የብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር መሬት ነው። በቨርጂኒያ በኩል ቆመህ ሕጋዊ ነህ። ማዶ ሜሪላንድ የቆመው ሰው ያንኑ ሽጉጥ በአንተ ፈቃድ ቢይዝ ወንጀለኛ ነው። ሩዝቬልት ደሴት የባሰ ነው። መኪናህን ቨርጂኒያ ታቆምና የእግር ድልድዩን ትሻገራለህ፤ ደሴቱ ዲሲ ነው። እሑድ እሑድ ስንቶቻችን ነን እዚያ ልጆች ይዘን የምንሄደው!

እኔና አንድ ጓደኛዬ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከተማዋ ዌስት ቨርጂኒያ ናት። እዚያ ሽጉጥ መያዝ ችግር የለውም፤ እሱም ይዟል። ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ባለው የእግረኛ ድልድይ ተሻግረን ሜሪላንድ ሃይትስ የሚባለውን ተራራ ልንወጣ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስሙ ብልጭ አለብኝ። «ሜሪላንድ» ሃይትስ! ቆምኩ። «ያንተ ነገር የት ነው?» አልኩት። ወገቡን መታ መታ አደረገ። ቀልቤ ተገፈፈ። ዞረን ሩጫ በሚመስል እርምጃ ተመለስን። ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ ለካ የፖቶማክ ወንዝ እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። ድልድዩ ላይ እንደወጣን ገብተን ነበር ማለት ነው። የዚያን ቀን እሱ ከተማው ውስጥ ቡና ሲጠጣ ዋለ። እኛ የቀረነው ከላይ ሆነን ቁልቁል እያየን «ያውና እዚያ ጋ ተቀምጧል» እያልን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ልክ ነበር አለመሳቁ። ያኔ ግሪን ካርድ ነበረው እንጂ ዜጋ አልነበረም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ አስምሩበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛትና የቨርጂኒያን ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከሀገር ለመባረር ምክንያት ይሆናል። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው ሰው ድልድዩን ተሳስቶ ቢሻገር ጠበቃ ይዞ ይከራከራል። አንተ ባለ ግሪን ካርዱ ግን ከዚያ በላይ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ልትቆም ትችላለህ። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁማ ከነጭራሹ አትንኩት። ደግሞ ሳልረሳው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ የምታዘወትሩ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነገር ነው። የተከለከለ ነገር የሚጠቀም ሰው ደግሞ መሣሪያ መያዝ አይችልም ይላል ሕጉ። ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም፤ ጠበቃ ጠይቁ።

ወደ ድቡ ልምጣ። ሸናንዶዋ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ ግሪዝሊ የሚባለው የአላስካው ቡናማ ድብ አይደለም። እዚያ አላስካ፣ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በሦስት ወሩ፣ ሜይ 2010 ላይ አንድ ተጓዥ የመጣበትን ግሪዝሊ በሽጉጥ ገድሎታል። ስለዚህ ሽጉጥ ድብ አይገድልም አልልህም። ግን ቶም ስሚዝ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አላስካ ላይ ያጠኑትን ተመልከት። በ2008 ባወጡት ጥናት የድብ ስፕሬይ (ድብ ፊት ላይ የሚረጭ የበርበሬ ፈሳሽ) ቡናማ ድቦችን 92 በመቶ በሚሆነው አጋጣሚ አስቁሟል። በ2012 ደግሞ 269 የድብና የመሣሪያ ግጥሚያዎችን መርምረው፣ መሣሪያውን የተኮሰውም ያልተኮሰውም ሰው የመጎዳት ዕድሉ ያው ሆኖ አግኝተውታል። ተንደርድሮ የሚመጣ አውሬ መትቶ መጣል የፊልም ነገር ነው።

እኔ ድብ ያየሁት ሦስቴ ነው። አንዴ እናት ከሁለት ግልገሎቿ ጋር መንገዱን ስታቋርጥ ደረስንባት። እጃችንን ከፍ አድርገን፣ ድምፃችንን እያሰማን፣ ፊታችንን ሳናዞር ወደ ኋላ አፈገፈግን። እሷም አንዴ አየችንና ሄደች። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ከፊቴ የነበረው ልጅ እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ አየሁ። ሽጉጥ መያዙን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። በእሱና በድቧ መካከል ደግሞ ሁለት ሰው ቆሟል።

ሰሜን ተራሮች የሄዳችሁ አስታውሱ። ደባርቅ ላይ ስካውት ይመደብላችኋል። ክላሹን ትከሻው ላይ አጋድሞ እየተጫወተ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ማንም አይደነግጥም። መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የተደበቀ ሽጉጥ ግን ከወንበዴ ብቻ አይደለም የሚደበቀው፤ አብሮህ ከሚሄደው ሰውም ነው።

ጋሼ አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር «እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ፤ እኔ ያደግኩበት ሀገር ወንድ ያለ መሣሪያ ጫካ አይገባም» ብለውኛል። አከብራቸዋለሁ። ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። በ1996 እዚሁ ሸናንዶዋ፣ ስካይላንድ አጠገብ፣ ድንኳን ተክለው ያደሩ ሁለት ሴቶች ተገድለዋል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ኤፍቢአይ በዲኤንኤ ለይቶ ያሳወቀው በ2024 ነው፤ ሰውዬው እስር ቤት ከሞተ በኋላ። ሽጉጥ ይፈቀድ የሚሉት ይህን ሲያነሱ ዝም ነው የምለው። ስልክ አይሠራም፤ ሬንጀር ሩቅ ነው። ብቻዋን ተራራ የምታድር ሴት ይዤ ልሂድ ብትለኝ አልከራከራትም። በሌላ በኩል ደግሞ በ2012 ጃንዋሪ 1 ቀን ማውንት ሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የታጠቀ ሰው ሬንጀር ማርጋሬት አንደርሰንን ገደላት። የፓርክ ሠራተኞች ማኅበራት ሕጉን ሲቃወሙ ከሚፈሩት አንዱ ይኸው ነበር። ለነገሩ እንዲህ ያለው ሰው ሕጉ ቢከለክለውም ይገባ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ይህን ሞት ወደየራሱ ይጎትተዋል።

እኛ ግን ቅዳሜ የምንሄደው ሃያ ምናምን ሰው ሆነን ነው፤ በቀን፣ ልጆች ይዘን። ለዚህ ጉዞ ቤት ተወው ባይ ነኝ። የግድ ካልክ ደግሞ ሕጉ ይፈቅድልሃልና አልከለክልህም፤ ሦስት ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። መኪናህ ውስጥ የሚቆለፍ ሳጥን አድርግ። መንገድ ለሚመራው ሰው ቀድመህ ንገረው። ከልጆቹ ጋር በድንጋይ መሀል ስትወጣ አንተ መጨረሻ ሁን።

ባለቤትህን ደግሞ ከድቡ ይልቅ መዥገሩን ትጠንቀቅ በልልኝ። ሣሩ ውስጥ ሞልቷል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ረዥም ካልሲ ታድርግ፣ ሱሪዋን ካልሲው ውስጥ ትክተት፣ ማታ ቤት ስትገቡ ተፈታተሹ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፓርኪንጉ ጋ እንገናኝ። በፈረንጅ ነው፣ በጠዋት! ባለፈው በሐበሻ መስሎት እኩለ ቀን ላይ ደርሶ፣ ያመጣውን ቆሎ መኪናው ውስጥ ብቻውን በልቶ የተመለሰ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።