የዓመቱን ምርጥ አልበሞች ዝርዝር ከታች ጀምረህ አንብበው

ወንድሜ፣ «የውጭ መጽሔቶች ታኅሣሥ ላይ የሚያወጡትን የ50 ምርጥ ኤሌክትሮኒክ አልበሞች ዝርዝር ከ1ኛ ጀምሬ ላውርድ ወይስ ዝርዝሩ ዋጋ የለውም?» ብለህ ለጠየቅኸው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ እንደምትማርና በሞባይል ፓኬጅ እንደምታወርድ ቆጥሬ ልመልስልህ። ዝርዝሩ ዋጋ አለው፤ የሚያታልልህ ተራ ቁጥሩ ነው።

1. መጀመሪያ ሂሳቡን አስላ። በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይበላል። አንድ አልበም 50 ደቂቃ ቢሆን 120 ሜጋባይት፣ ሃምሳው አልበም 6 ጊጋባይት ነው። ፍላክ (ድምፁ ሳይቀነስ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ከሆነ እጥፉንና ከዚያም በላይ ያዝለት። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለመስማት እንኳ 42 ሰዓት ገደማ ይፈጅብሃል። ስለዚህ ሁሉንም ማውረድ የሚባለውን ተወው። ከ20 አልበም ስድስት ደቂቃ ገደማ የሆነ አንድ አንድ ትራክ ብትወስድ 288 ሜጋባይት ይበቃሃል።

2. ተራ ቁጥሩን አትመነው። አሥር ጸሐፊዎች አሥር አሥር አልበም መረጡ እንበል፤ 1ኛው 10 ነጥብ፣ 10ኛው 1 ነጥብ ያገኛል። ስምንቱ «ደህና ነው» ብለው 6ኛ ያደረጉት አልበም ስምንት ጊዜ 5፣ 40 ነጥብ ሰበሰበ። ሦስቱ «የዓመቱ ሥራ ይሄ ነው» ብለው 1ኛ ያደረጉት 30 ላይ ቀረ። ማንም ያላበደለት አልበም ሦስት ሰው ያበደለትን በለጠው ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ዘርፉ ብዙ ነው፤ የድረም ኤንድ ቤዝ (የፈጣን ከበሮ) ሰው የአምቢየንቱን (የረጋውን)፣ የአምቢየንቱም ሰው የቴክኖውን (የዳንስ ምቱን) አይሰማለትም። ሁሉም በጋራ የሰሙት ትልልቆቹን ስሞች ብቻ ነው፤ ድምፁም እዚያው ይከማቻል።

የኒውዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት ባካሄደው የሃያስያን ምርጫ ለእያንዳንዱ መራጭ 100 ነጥብ ሰጥቶ ለ10 አልበም እንዲያከፋፍል ያደርግ ነበር፤ ለአንዱ ከ30 አይበልጥም፣ ከ5 አያንስም። እንዲህ ሲሆን አጥብቆ የወደደ ሰው መውደዱ በነጥቡ ይታያል። የእያንዳንዱ ጸሐፊ ምርጫ ለብቻው ከታተመ ዋናውን ዝርዝር ትተህ እሱን አንብብ። አንተ ከምትወዳቸው አልበሞች ሁለቱን የመረጠ ጸሐፊ ፈልግ፤ የቀሩትን ስምንቱን በመጀመሪያ መስማት ያለብህ አንተ ነህ።

3. ከ50ኛው ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ። ከ30ኛ በታች ያሉት በአብዛኛው ሁለት ሦስት ሰው አጥብቆ የያዛቸው ናቸው። የላይኞቹን ሳትፈልጋቸውም ትሰማቸዋለህ። ስታነብ ከአልበሙ ስም ጎን ያሳተመውን ሌብል (አሳታሚ ድርጅት) ጻፍ። አንድ ሌብል በሦስት ዝርዝር ላይ በሦስት የተለያዩ አርቲስቶች ከመጣ ዓመቱን ሙሉ ተከታተለው። እኔ ከዝርዝር የሚገኝ ትልቁ ትርፍ የምለው ይህንን ነው፤ አልበሙን ባትወደው እንኳ ሌብሉ በሚቀጥለው የሚያወጣው ሊሆንልህ ይችላል።

ዝርዝሩ የማያሳይህም ብዙ ነው። የዚህ ሙዚቃ ዋና ዋና ሥራዎች ብዙ ጊዜ በ12 ኢንች ሸክላ፣ በኢፒ (ከአልበም አጠር ያለ ሥራ) እና በዲጄ ሚክስ (ዲጄ አያይዞ የሚያጫውታቸው ዘፈኖች ቅጂ) ነው የሚወጡት። የበርሊኑ ጥንድ ቤዚክ ቻናል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳብ ቴክኖን (በማሚቶ የተሞላ ቴክኖ) የቀረጸው በሸክላ ነው፣ በአልበም አልነበረም። የእኛውን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ሚካኤል ሰይፉን ተመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ዘላለም» ኢፒ ነው። የአልበም ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ሰው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚባለውን ሳያውቅ ያልፋል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድረም ማሽን ጋር አጣምሮ በካሴት ያወጣው ሥራ የውጭውን አድማጭ በሰፊው ያገኘው በ2013 ድጋሚ ሲታተም ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ! ስለዚህ «ድጋሚ ኅትመት» የሚለውን ክፍል እንዳትዘለው፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚወጣው።

ጊዜውም ራሱ ያዛባል። ዝርዝሮቹ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ስለሚወጡ ድምፁ የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር የወጣ ሥራ ለዘንድሮው ዘገየ፣ ለከርሞው አረጀ ተብሎ መሐል ሜዳ ይቀራል። የለንደኑ ሙዚቀኛ በሪያል «ራይቫል ዲለር»ን በዲሴምበር 2013 ሲያወጣ ብዙዎቹ ዝርዝሮች አልቀው ነበር፤ ያውም ኢፒ ነው። ደብተርህ ላይ ለዲሴምበር አንድ ገጽ ለይና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተመለስበት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፍላሽ የሚሞሉ አንዳንድ ሱቆች «የዓመቱ ምርጥ» የሚል ፎልደር ይሸጣሉ። ፋይሉ ላይ 320 ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ግን 128 የነበረ ኤምፒ3 እንደገና ወደ 320 የተቀየረ ነው። መጠኑ ያብጣል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። ሰውየውም ገዝቶ ይሰማና «ዝርዝሩ ውሸት ነው፣ ይሄ ምኑ ምርጥ ነው?» ይላል። በዚህ ምክንያት ስንት ጥሩ አልበም ስሙ ጠፋ! መለየቱ ቀላል ነው። ስፔክ (Spek) የሚባል፣ ድምፁ እስከ ስንት ኸርትዝ እንደሚደርስ በቀለም የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫንና ፋይሉን ክፈተው። ቀለሙ 16 ኪሎኸርትዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ከ128 የመጣ ነው ብለህ ጠርጥር። ትክክለኛው 320 እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይዘልቃል።

ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ በስልክህ ድምፅ ማጉያ ከሰማኸውም ያው ነው። የኪክ ከበሮው መሠረት 50 እና 60 ኸርትዝ አካባቢ ነው፤ የስልክ ማጉያ እዚያ ድረስ አይወርድም። የምትሰማው በአብዛኛው የከበሮውን ጠቅታ ነው፣ ጥልቁ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠፋል። ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ኤርፎን ተጠቀም፤ ጎማው ከላላ ቤዙ ያመልጣል። መሐል መሐሉን እየነካህ አትዝለል፤ ቴክኖ ቀስ እያለ ነው የሚገነባው፣ ከሦስት ደቂቃ በፊት አትፍረድበት።

እኛም በጳጉሜን የራሳችንን እናውጣ። በእኛ አቆጣጠር የዲሴምበሩ ሥራ ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ይወጣና ከስምንት ወር በላይ ይሰማል። ነሐሴ ላይ የሚወጣው ይጎዳል፤ እሱን ለከርሞ እናሻግረው። ኢፒም ሚክስም ይቆጠር፣ ነጥቡም በ100 ይሁን። አንተም አሥርህን አዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ነጥቡን፣ ሌብሉንና ስንት ጊዜ እንደሰማኸው ጻፍ። ከአምስት ጊዜ በታች የሰማኸውን አታስገባ።