ዶሮዬ ላባዋ ለምን ረገፈ? ጥያቄና መልስ

ስለ ላባ መርገፍ የላካችሁት ጥያቄ ብዙ ነው። አብዛኛው «ምን መድኃኒት ልስጣት?» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የተላጠው የት እንደሆነ ነው። ጀርባ፣ አንገት፣ ቂጥ ወይስ ደረት? ቦታው ከታወቀ ግማሹ መልስ ተገኘ።

ጥያቄ፦ ቦቫንስ (የእንቁላል ዝርያ) ዶሮዎቼ ዓመት ተመንፈቅ ሆኗቸዋል። ላባቸው ይረግፋል፣ እንቁላልም አቁመዋል። ታመው ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ዓይናቸው ንቁ ነው? እንግዲያው ላባ እየቀየሩ ነው። ከራስና ከአንገት ይጀምራል፣ ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፣ ክንፍና ጅራት መጨረሻ ላይ ነው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቆዳውን ቀረብ ብለው ይዩት። ሹል ሹል ነገር ብቅ ብሎ ካዩ አዲሱ ላባ ነው። ውስጡ ገና ደም ስላለበት ሲነካ ያማታል፣ ከተሰበረም ይደማል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ባይይዟቸው ይሻላል።

ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። ለእንቁላልም ለላባም ስለማይበቃት እንቁላሉን ትተወዋለች። ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የምትበላ ዶሮ ደግሞ ላባዋ ቶሎ አይመለስም። ከመኖው ጋር የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ፋጉሎ ይጨምሩላቸው። የተቀቀለ እንቁላል ፈጭቶ መስጠትም ይጠቅማል። የራሷን እንቁላል መልሶ ማብላት የሚከብደው ሰው አለ፣ እሷ ግን ግድ የላትም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የኔዎቹ በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ አንድ ላይ ይላጣሉ። ጎንደር ያለችው እናቴ «የኔዎቹ እንዲህ አያደርጉም» ትላለች።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ዶሮ የምትከተለው የቀን ብርሃንን ነው። አሜሪካ መኸር ላይ ቀኑ ሲያጥር ላባ የመቀየሪያው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። አንቺ ጋ ረጅሙና አጭሩ ቀን ከ5 ሰዓት በላይ ይለያያሉ፤ አገር ቤት ግን ልዩነቱ ከ1 ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የእናትሽ ዶሮዎች በየተራ፣ አንዷ ዛሬ ሌላዋ ከወራት በኋላ ይቀይራሉ። የውጭ አገር ምክር የምታነቡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ የሴቶቹ ጀርባ ብቻ ተላጠ። አምስት ሴት፣ ሦስት አውራ አሉኝ።

መልስ፦ መልሱን ራስዎ ጻፉት! ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ነው የሚመከረው። አውራው ሲወጣባቸው በጥፍሩ ላባውን ይነቅላል። ሁለቱ ለመጪው በዓል ይሁኑ።

ጥያቄ፦ እርስ በርስ ቂጥ ቂጥ ይነካከሳሉ። አንዷ ደምታለች። መንቆራቸውን ልቁረጥ?

መልስ፦ ለጓሮ ዶሮ አያስፈልግም፣ አይቁረጡ። የደማችውን ግን ዛሬውኑ ለዩ። ዶሮ ቀይ ካየች አትለቅም፣ ነክሳ ነክሳ ትገድላለች። ቁስሉን አጥበው ሐምራዊውን የቁስል ቀለም ይቀቡት፤ ቀዩንም ይሸፍነዋል። ከዚያ ምክንያቱን ይፈልጉ። ጠቧቸው ይሆናል፤ ተዘግተው የሚውሉ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ4 ወይም ከ5 ባይበልጡ ጥሩ ነው። ደማቅ አምፖልም ያናክሳቸዋል። የፕሮቲን እጥረትም እንዲሁ፤ የወደቀ ላባ ለቅመው የሚውጡ ከሆነ መኖው ላይ ችግር አለ። ሥራ መፍታትም አለ። አንድ እስር ጎመን ከጣሪያ አንጠልጥሉላቸው፣ ሲዘሉና ሲነጩት ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ያሳክካታል፣ ትከሳለች፣ ግን ምንም አይታየኝም።

መልስ፦ ቂጧ ስር ያለውን ላባ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ብርሃን ሲነካው የሚሮጥ ገለባ መሳይ ነገር ቅማል ነው። ላባው ሥር ላይ ነጭ ሆኖ የተጣበቀው ደግሞ እንቁላሉ ነው። እዚያ ካልተገኘ ማታ የሞባይል መብራት ይዛችሁ ግቡ። ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ማታ ደም ለመምጠጥ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር ሳብ አድርጉ፤ ቀይ መስመር ከተሰመረ እሱ ነው።

ለቅማል ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድ በገንዳ አስቀምጡላት፣ ራሷ ትንከባለልበታለች። ለቅንቅን ግን ዶሮዋን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ቆጡን በፈላ ውኃ አጥቡ። መድኃኒት ከተፈለገ ለዶሮ የተፈቀደውን ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁ። የተባዮቹ እንቁላል በኋላ ስለሚፈለፈል መድኃኒቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይደገማል። ለአትክልት የሚረጨውን ፀረ ተባይ ዶሮ ላይ የምትረጩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ! እንቁላሉን የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛኋት ቄብ አንገቷ ላይ ላባ የላትም። ተሸወድኩ?

መልስ፦ ቆዳው ንጹሕ ከሆነና ቅርፊት ከሌለው አልተሸወዱም። መላጣ ዝርያ ናት፣ ስትፈለፈልም እንዲሁ ነበረች። ሙቀት ከሌሎቹ በተሻለ ትችላለች። ቆላ አካባቢ ከሆናችሁ እንዲያውም ተጠቅማችኋል።

ጥያቄ፦ ደረቷን ራሷ ትነጫለች።

መልስ፦ ጎጆዋ ላይ ተኝታ አልነሳም ካለች ልትታቀፍ ነው። ላባውን የምትነቅለው ቆዳዋ እንቁላሉን በቀጥታ እንዲያሞቅ ነው። ጫጩት ከፈለጋችሁ እንቁላል አስታቅፏት፣ ካልፈለጋችሁ ከጎጆው አውጥታችሁ ለጥቂት ቀን ዝጉባት።

ጥያቄ፦ ላባ በመቀየር ላይ ያለች ዶሮ እንቁላል ይበላል?

መልስ፦ ይበላል፣ ካገኛችሁ።