መልስ፦ ቤት ልቅዳ ወይስ ስቱዲዮ ልከራይ?

ድምፅና ጊታር ብቻ ላለው ዘፈን ስቱዲዮ ያስፈልጋል ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን ቤት እጀምራለሁ። ስቱዲዮ ሰዓት ይቆጥርብሃል፤ ቤት ግን ሃምሳ ጊዜ ብትደግመው የሚቆጣህ የለም (ከጎረቤት በቀር)።

ብዙ ሰው ውድ ማይክ ለመግዛት ይሮጣል። ዋናው ጣጣ ግን ክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይልከዋል፤ ያ ማስተጋባት አንዴ ከተቀዳ ማጽዳቱ አበሳ ነው። ስትዘፍን ከጀርባህ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀል፤ ማይኩ ወደዚያ ነው የሚያየው። በ24 ቢት (በመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ የምትመርጠው የቅጂ ጥራት) ቅዳ፤ ከፍ ስትል ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ከመቅጃው ጣሪያ በታች 10 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ቦታ ተው።

ከበሮ ካስገባህ ግን ወሬው ሌላ ነው። ብዙ ማይክና ጥሩ ክፍል ይፈልጋል፤ ለሱ ስቱዲዮ ግባ። ሚክሲንጉንም (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃዱን) ለሌላ ጆሮ ስጠው።