የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶች ማን ሠራቸው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በካፒቶል ሃይትስ በ1927 የተሠራና «የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት» የሚባል አነስተኛ ሕንፃ ታድሶ ቆሞ አየሁ። ስሙን የሰጠውን ፋውንዴሽን ማን አቋቋመው? ዓላማውስ ምን ነበር? ዛሬም አለ? ይህን መጠየቄ እኛም የአገር ልጆች በማኅበር ተሰባስበን በተወለድንበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ እያዋጣን ስለሆነ ነው።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጥያቄዎ ሁለት ጉዳይ የያዘ በመሆኑ ከታሪኩ እንጀምራለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በ1862 በኢሊኖይ ግዛት ከጀርመን ከፈለሱ አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለዱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሀብት ያፈሩት ሲርስ ሮባክ የተባለውንና በፖስታ የታዘዘ ዕቃ ለገጠር ደንበኞች ይልክ የነበረውን ኩባንያ በመምራት ነው። በ1911 በአላባማ የሚገኘውን፣ ጥቁሮች የሚማሩበትን የተስኬጊ የትምህርት ተቋም ይመሩ ከነበሩት ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ተዋወቁ። በ1912 ሃምሳኛ ዓመት ልደታቸውን ሲያከብሩ ለተስኬጊ 25,000 ዶላር ሰጡ፤ ከዚያ ላይ ጥቂት ገንዘብ በመትረፉ ዋሽንግተን በትራፊው ለገጠር ጥቁር ልጆች ስድስት ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩበት ፈቃድ ጠየቁ፤ ሮዘንዋልድም ፈቀዱ። በዚያን ጊዜ በደቡብ ግዛቶች ትምህርት በዘር የተከፋፈለ ነበር፤ ለጥቁር ልጆች ይመደብ የነበረው የመንግሥት ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ስለነበር ብዙዎቹ ይማሩ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በዘመመ ጎጆ ነው።

ዋሽንግተን በ1915 ቢያርፉም ሥራው አልቆመም። ሮዘንዋልድ ፋውንዴሽኑን በ1917 በሕግ አቋቋሙት፤ የግንባታው መርሐ ግብር በ1932 እስኪያበቃ ድረስም በ15 ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶች፣ 217 የመምህራን መኖሪያዎችና 163 የእጅ ሙያ መማሪያዎች ተሠሩ። አብዛኞቹ አካባቢዎች ኤሌክትሪክ ስላልነበራቸው የሕንፃዎቹ ንድፍ ስለ ብርሃን በጥብቅ የታሰበበት ነበር፤ ረጃጅም መስኮቶች በአንድ ወገን ተደርድረው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዲመለከቱ ይደረግ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ግን የገንዘቡ አሰጣጥ ነው። ፋውንዴሽኑ ሙሉ ወጪ አይሸፍንም ነበር፤ ድጋፍ የሚሰጠው የአካባቢው ጥቁር ሕዝብ የድርሻውን በገንዘብ፣ በመሬት፣ በእንጨት ወይም በጉልበት ሲያዋጣ፣ የመንግሥቱ የትምህርት ቦርድም ሕንፃውን ተረክቦ እንደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ለማስተዳደር ሲስማማ ብቻ ነበር። ከጠቅላላው 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ የፋውንዴሽኑ ድርሻ 15 በመቶ፣ የጥቁሮቹ መዋጮ ደግሞ 17 በመቶ ያህል ነበር፤ አብዛኛው የተከፈለው ከግብር ነው። እንግዲህ ስሙ የሮዘንዋልድ ቢሆንም፣ ድኾቹ ገበሬዎች ከእርሳቸው ፋውንዴሽን የበለጠ አዋጥተዋል ማለት ነው። ለትምህርት ቤቱ ብለው ጥጥ የሚዘሩበት ማሳ ለይተው ሽያጩን የሚያስገቡ ነበሩ። በአላባማ በተደረገ አንድ የመዋጮ ስብሰባ ላይም በባርነት ዘመን የኖሩ አንድ አረጋዊ ያረጀ ከረጢታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን 38 ዶላር የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ዕድል እንዲያገኙ ብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

ይህን ስናወሳ ግፉን መሸፈን አይገባንም። እነዚህ ሰዎች እንደማንኛውም ዜጋ ግብር እየከፈሉ፣ ለነጭ ልጆች በግብር የሚሠራውን ትምህርት ቤት ለራሳቸው ልጆች ዳግመኛ ከኪሳቸው ከፍለው ነው ያገኙት፤ ፋውንዴሽኑም የዘር ክፍፍሉን ፊት ለፊት አልተጋፈጠም። ሆኖም እስከዚያ ድረስ ለጥቁር ልጆች ገንዘብ ለመመደብ እጃቸው ይታጠፍ የነበሩትን ቦርዶች እንዲመድቡ ያስገደዳቸው ይኸው ቅድመ ሁኔታ በመሆኑ፣ በእኛ አስተያየት የፋውንዴሽኑ ትልቁ ሥራ ከሰጠው ገንዘብ ይልቅ ሌላው እንዲከፍል ማድረጉ ነው።

ፋውንዴሽኑ ዛሬ የለም። ሮዘንዋልድ ለዘለዓለም ተቀማጭ ሆኖ የሚኖር የበጎ አድራጎት ገንዘብ አይወዱም ነበርና፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ25 ዓመት ውስጥ ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ እንዲያልቅ ወሰኑ፤ በ1932 አረፉ፣ ፋውንዴሽኑም ለጥቁር ምሁራንና አርቲስቶች ጭምር ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቶ በ1948 ተዘጋ።

ስለ ማኅበራችሁ የምንመክረው፣ መሠረት ከመጣሉ በፊት የመምህራኑን ደመወዝና የሕንፃውን ጥገና ማን እንደሚሸፍን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ እንድትዋዋሉ፣ የቀበሌው ነዋሪም በጉልበትም ይሁን በድንጋይ ድርሻ እንዲኖረው እንድታደርጉ ነው። እነዚያ 217 የመምህራን ቤቶች በከንቱ አልተሠሩምና፣ ከከተማ ለሚመደበው መምህር ማደሪያ የሚሆን ክፍልም በዕቅዳችሁ ውስጥ ከወዲሁ አስገቡ።