«አታስብ» ሲሉኝ ይብስብኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሥራ ስለተደራረበብኝ ቀን ትከሻዬና አንገቴ ተገትረው ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ ጥቂት እንደተኛሁ እባንንና ያልጨረስሁትን ሥራ እያነሣሁ እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ሐኪም መርምሮኝ ሌላ ሕመም እንደሌለብኝ ነግሮኛል። ባለቤቴ «አታስብ፣ ተወው» ትለኛለች፤ ላለማሰብ በታገልሁ ቁጥር ግን ይብስብኛል። ሥራዬን ሳልለቅ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ምክሩ ከቀና ልብ የመነጨ ቢሆንም አለመሥራቱ የእርስዎ ድክመት አይደለም። አንድን ነገር ላለማሰብ የሚታገል ሰው ሐሳቡ ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ደጋግሞ መፈተሽ ስላለበት ሳይታወቀው ራሱ ይጠራዋል። ስለዚህ ከሐሳብዎ ጋር ከመሟገት ይልቅ ከሰውነትዎ ቢጀምሩ ይሻላል ባይ ነኝ። «ውጥረት» የሚለው ቃላችንም ይህንኑ ይናገራል፤ ገመድ ይወጠራል እንደምንለው ሁሉ የተጨነቀ ሰው አካልም በእርግጥ ይወጠራል።

አእምሮ አደጋ መጣ ብሎ ሲገምት ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች መጀመሪያ አድሬናሊን፣ ቀጥሎም ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቅቃሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻም ይገተራል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው ይህ ሁሉ ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ያልተዘጋ የሒሳብ መዝገብን ግን አይታገሉትም፣ ሮጠውም አያመልጡትም፤ ዝግጅቱ ሥራ ፈትቶ ትከሻዎ ላይ ተቀምጦ የሚውለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ዝግጅት ውስጥ በቀላሉ በፈቃዳችን ልናዝዘው የምንችለው ትንፋሽን ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ የተባለው ነርቭ ስለሚገታው ዝግ ይላል። በረጅሙ ተንፍሱ ሲባል ብዙ ሰው ደረቱን በአየር ለመሙላት ይጣጣራል፤ ቁም ነገሩ ግን ያለው በማስወጣቱ ላይ ነው። በአፍንጫዎ ለ4 ሰከንድ ያህል አስገብተው ለ6 ሰከንድ ያህል በቀስታ ያስወጡ፤ ይህን ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ፤ ካዞረዎት ግን ወደ ተለመደው አተነፋፈስዎ ይመለሱ። ከዚያ ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ለጥቂት ሰከንድ አጥብቀው ይያዙና በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ጡንቻው ምን ያህል ተገትሮ እንደዋለ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

ለሌሊቱ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ። ከመኝታ በፊት ያልተጠናቀቀውን ሥራ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ አጠገብም ነገ በቅድሚያ የሚያደርጉትን ትንሽ ነገር ያስፍሩ። አእምሮ እንዳይረሳው ብሎ የሚያመላልሰውን ጉዳይ ወረቀት ሲረከበው የማመላለሱ ምክንያት ይቀንሳል። ባንነው ለ20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ላይ አይገላበጡ፤ ይነሡና በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ይሥሩ። ሰዓትና ስልክ ግን አይመልከቱ። ቡና የሚያዘወትሩ ከሆነም፣ ካፌይን በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቀትር በኋላ የሚጠጡትን ይተዉት። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው።

ይሁንና ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ ለአንድ ሰው ከተሰጠ ትንፋሽ አይቀንሰውም። የጻፉትን ዝርዝር ለአለቃዎ ያቅርቡና «ሁሉንም በዚህ ሳምንት ማድረስ አልችልም፤ የትኛው ይቅደም?» ብለው ይጠይቁ። እምቢ ማለት የሚከብድዎ ቢሆንም ይህ እምቢታ አይደለም።

ለሳምንታት ይህን ሞክረው እንቅልፍዎ ካልተስተካከለ ወይም ለመተኛት መጠጥ መፈለግ ከጀመሩ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። ተስፋ መቁረጥ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ፤ የደረት ሕመም ከተሰማዎም ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሐኪሙ ስንት ሌሊት እንደባነኑና ምን ምን እንደሞከሩ የሚገልጽ ማስታወሻ ይዘው ቢቀርቡ ሥራውን ያቀልሉለታል።